ማዘር ምክሬን አልሰማ አሉኝ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። የሦስተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን እኛን ተማሪዎቹን በበጎ ፈቃድ ለአነስተኛ ባለሙያዎች የንግድ አማካሪ አድርጎ ይመድበናል። እኔ የደረሱኝ ከቀጨኔ ወደ ላይ፣ ሰፈሩ አልቆ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ሊጀምር ሲል የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይሆናል። ማዘር ነው የምላቸው። ጀበና፣ ድስትና ምጣድ ይሠራሉ። ከየካቲት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ፣ በራሴ የታክሲ ሂሳብ እሄዳለሁ። ዳገቱን በእግሬ ነው የምወጣው። ማንም አምስት ሳንቲም አልከፈለኝም።

ግን አንድም ነገር አይሰሙኝም! ደብተር ገዝቼ፣ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን አስምሬ ሰጠኋቸው። ከሳምንት በኋላ ስመጣ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ግድግዳው ላይ በከሰል ይጭራሉ። ረጅሙ ጭረት ጀበና፣ አጭሩ ድስት ነው አሉኝ።

ዋጋውማ ያናድዳል። አንድ ጀበና ለነጋዴ በ120 ብር ይሰጣሉ። እሱ ገበያ ወስዶ 300 ይሸጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። «ማዘር፣ 200 በሉት» ስላቸው «ክረምት ሲመጣስ ልጄ?» ይሉኛል። ክረምት ሸክላው ስለማይደርቅላቸው ነጋዴው እያበደረ ያከርማቸዋል። እንዳያኮርፍባቸው ይፈራሉ። በአንድ ገዢ ላይ መንጠልጠል አደጋ እንዳለው ስንት ጊዜ አስረዳሁ! አንድ ቀን ምን ቢደረግልዎ ይሻላል ብላቸው «ሸራ» አሉኝ። እንጨቱንና ጀበናውን ዝናብ እንዳይመታው። ከፕላኔ ጋር ስለማይሄድ አለፍኩት። አርብ አርብ ስሄድ ደግሞ «ዛሬ እሳት ላይ ነኝ» ብለው ዞር ብለውም አያዩኝ።

በመጨረሻ ራሴ ደንበኛ ላምጣላቸው ብዬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። «እጄን አንሳ፣ ፊቴን ተወው» አሉኝ። ዓይን አፋር ናቸው። እኔም እጃቸውን ነው ያነሳሁት። መጨረሻ ላይ ብቻ ፊታቸው፣ ከጎናቸው ደግሞ አፈር የምትነፋው ልጃቸው ለሦስት ሰከንድ ያህል ይታያሉ። ቲክቶክ ላይ ስለጥፈው 40 ሺህ ሰው አየው። ኮሜንቱ ውስጥ አንዳንድ ባለጌ ቢኖርም አብዛኛው ጥሩ ነበር። ደውለው ያዘዙም አሉ። ማዘር ግን አላመሰገኑኝም። ጭራሽ ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዙብኝ። ቡና እንኳ አያፈሉልኝም። ልጅቷንም ሰሞኑን በትምህርት ሰዓት ቤት ነው የማገኛት፤ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሚኒስትሪ እየደረሰባት። እሱ እንኳ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰኔ 15 የመጨረሻ ሪፖርቴን አስገባለሁ። ሰርተፊኬት የሚሰጠኝ በእሱ ነው። «ባለሙያዋ ለመለወጥ ፈቃደኛ አይደሉም» ብዬ ልጻፍ? እውነት ነው እኮ። ግን ልጽፈው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ለምን ይመስልዎታል?

ልፋቴ መና የቀረ አማካሪ፣ ከአዲሱ ገበያ

*

ልጄ፣

እጅህን የያዘችው ያቺ ልጅ ናት።

ስለ ደብተሩ ብዙ ጻፍክ። ስለ ዋጋውም ብዙ ጻፍክ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ፈተናዋ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ቤት መዋሏን ግን «ሌላ ጉዳይ ነው» ብለህ አለፍከው። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። «አንዳንድ ባለጌ» ያልከውስ ምን ብሎ ነበር የጻፈው? አልነገርከኝም። እኔ ግን መገመት አያቅተኝም።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ነው። በእናቴ ቤት ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ እንስራው ሁሉ የአንዲት ሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ ነበር። ሴትየዋ ግን ደጃፋችንን አልፋ ገብታ አታውቅም። ዋጋዋን የምትቀበለው እዚያው ውጭ ቆማ ነው። ስትመጣ እኛን ልጆቹን ወደ ጓዳ ያስገቡናል። ቡዳ ናት፣ ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች ይሉን ነበር። እሷ በሠራችው ድስት የተሠራ ወጥ እየበላን ነው ይህን የምንሰማው። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ዛሬስ ቢሆን ከእጃቸው መች ወጣን? የኤሌክትሪክ ምጣድ የምንለው እንጀራው የሚያርፍበት ሸክላ ነው። አዲስ ሲገዛ በጎመን ዘር የምናሟሸው እሱኑ ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ ማዋረድ እንዲቆም። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን ዛሬም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይሰማል። ምናልባት የክፍል ጓደኞቿ የእናቷን ሥራ አያውቁም ነበር። ምናልባት ስንት ዓመት ተጠንቅቃ ደብቃው ኖራለች። አንተ በሦስት ሰከንድ ገለጥከው።

ማዘር «ፊቴን ተወው» ያሉህ ዓይን አፋር ስለሆኑ አይመስለኝም። የሚመጣውን ያውቁታል። ሥራዬ ይታይ፣ እኔና ልጄን ግን ከሰው አፍ አታግባን ነው ያሉህ። ከዚህ በላይ ግልጽ ቃል ከየት ይምጣ? አራት ወር ሙሉ አይሰሙኝም እያልክ ስትከስ፣ አንዲቷን የለመኑህን ነገር አንተ አልሰማህም። ተቆጥቼሃለሁ፤ አልደብቅህም።

ክፉ ልጅ እንዳልሆንክ ግን አውቃለሁ። ክፉ ሰው በራሱ ሂሳብ አራት ወር ያንን ዳገት አይወጣም። ክፉ ሰው እጁም እምቢ አይለውም። ስለዚህ አሁን ስማኝ።

ቪዲዮውን ዛሬውኑ አጥፋው። 40 ሺህ ሰው አይቶታል፣ ደንበኛም አምጥቷል፤ አውቃለሁ፣ አጥፋው። ያዘዙትን ሰዎች ስልክ በወረቀት ጽፈህ ለማዘር ስጣቸው። መደወል አለመደወል የእሳቸው ፈንታ ነው። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘህ ሂድ። ፋይልህን ቤት ተወው። መጀመሪያ እናትየዋን ይቅርታ ጠይቅ፣ ቀጥለህ ልጅቷን። ልጅ ናት ብለህ እንዳትዘላት። ምን እንዳሏት ልትነግርህ ካልፈለገች አትጎትጉታት። ከፈቀዱልህ እስከ ፈተናው ቀን ሒሳብ አስጠናት። እምቢ ካሉህም እሺ ብለህ ተመለስ። የመቀየም መብት አላቸው።

ስለ ንግዱም ያለፍካት አንዲት ቃል አለች፤ ሸራዋ። ያልደረቀ ጀበና እሳት ከገባ ይሰነጠቃል። የራሰ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም። ሐምሌና ነሐሴን የሚኖሩት በዚያ ብድር ነው፤ ታዲያ በምን አቅማቸው ነጋዴውን 200 ይበሉት? እንጨታቸውና ሸክላቸው ከዝናብ ከተጠለለ ግን ጥቂትም ቢሆን በክረምት ይሠራሉ። ብድሩ ያንሳል። መስከረም ላይ ነጋዴው ሲመጣ ዕዳው ስለሚቀልላቸው ዋጋ መጥራት ይችላሉ። አንተ ዋጋውን ብቻ ስታይ እሳቸው የዋጋውን ሥር ነገሩህ። ግድግዳው ላይ ያለው ጭረትም ሂሳብ ነው። ጭቃ የያዘ እጅ እስኪርቢቶ ለማንሳት መታጠብ አለበት፤ ከሰሉ ግን አጠገባቸው ነው። የምርህን ልታግዛቸው ከፈለግክ፣ ጭረቱን ቁጭ ብለህ እንዲያስነብቡህ ጠይቃቸው።

ሪፖርቱ ላይ «ፈቃደኛ አይደሉም» ብለህ እንዳትጽፍ። የሆነውን ጻፍ። ፊቴን አታንሳ ብለውኝ አነሳሁ፣ ልጃቸው ከትምህርት ቀረች በል። ስማቸውን ግን አታንሳ። ሰርተፊኬቱ ቢቀርብህ ይቅር። ከአንተ በኋላ የሚመደቡት ተማሪዎች ስልካቸውን ከኪሳቸው ከማውጣታቸው በፊት ያንብቡት።

ሸራውን ከጓደኞችህ ጋር አዋጥታችሁ ግዙ። ሰኔ ገብቷል፤ ፍጠኑ። ማክሰኞ ውሰድላቸው። አርብ አይሆንም፣ እሳት ላይ ናቸው።