ከሶርስ ኮድ ቢልድ ማድረግ ሥራ ያስገኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ቢቸና ናቸው። የማየው የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። አንድ ቀድሞኝ የተመረቀ ልጅ «ኦፕን ሶርስ ውስጥ ግቢ፤ አንድ ቱል ከሶርስ ኮድ ቢልድ አድርገሽ ጀምሪ» አለኝ፤ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ወስጄ ራሴ ወደሚሠራ ፕሮግራም እንድቀይረው። ጄኪው (jq) የሚባለውን መርጬ ከጊትሃብ (ሰዎች ኮድ ከሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ክሎን አደረግኩ፤ ገልብጬ አወረድኩ። ቢልዱን የሚያዘጋጀውን ኮንፊገር የሚባል ፋይል ሳስነሳ ግን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለኛል። ታግዬ ታግዬ ተውኩት። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው? ስመረቅስ ወዲያው አዲስ አበባ ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጊዜሽን አላባከንሽም። የተውሽው ደጁ ላይ ደርሰሽ ነው። ስለ ሥራው ከማውራታችን በፊት እሱን እንጨርሰው።

ጄኪው ጄሶን በሚባለው ቅርጽ የተጻፈ ዳታን ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የሚያጣራና ቅርጹን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ነው። የተጻፈው በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ለጀማሪ ጥሩ መርጠሻል፤ ብዙ ዳታ አይበላም፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ኮንፊገርን ያጣሽው ኮዱን በጊት ክሎን ስላወረድሽ ነው። ኮንፊገር ሰው ቁጭ ብሎ የሚጽፈው ፋይል አይደለም። ኦቶኮንፍ የሚባለው መሣሪያ ከሌላ አጠር ያለ ፋይል ያመነጨዋል። አዲስ ቨርዥን ሲለቀቅ በሚወጣው ታርቦል (የታሸገ የኮድ ፋይል) ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ጊት ላይ ግን አይቀመጥም። ስለዚህ ራስሽ ታመነጪዋለሽ።

ኡቡንቱ ከሆነ የምትጠቀሚው መጀመሪያ ቢልድ ኢሴንሻል፣ ኦቶኮንፍ፣ ኦቶሜክና ሊብቱል የሚባሉትን ፓኬጆች በአፕት (በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ) ጫኚ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ገብተሽ ጊት ሰብሞጁልን (ፕሮጀክቱ ከሌላ ፕሮጀክት የሚወስደውን ኮድ) አፕዴት አድርጊ፤ ኢኒት የሚለውን ምርጫ አብረሽ ስጪው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጄኪው ለሬጌክስ (ጽሑፍን በቅርጹ ለመፈለግ) ኦኒጉሩማ የሚባል ሌላ ላይብረሪ ይጠቀማል፤ በተራ ክሎን የእሱ ፎልደር ባዶውን ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ኦቶሪኮንፍን አስኪጂ። አሁን ያ ጠፋ ያልሽው ኮንፊገር ይፈጠራል። እሱን፣ ከዚያ ፕሮግራሙን የሚሠራውን ሜክን፣ ከዚያ ቴስቶቹን የሚያስኬደውን ሜክ ቼክን በተራ አስኪጂ። የትእዛዞቹን ትክክለኛ አጻጻፍ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መመሪያ ፋይል) ላይ ታገኚዋለሽ። እባክሽ ከላይ እስከ ታች አንብቢው፤ የብዙ ሰው ችግር እዚያው ላይ ተመልሶ ተጽፏል።

ላፕቶፕ ከሌለሽና በላብ ኮምፒውተር የምትሠሪ ከሆነ ፓኬጅ ለመጫን የአድሚን ፓስወርድ አይሰጡሽም። ያን ጊዜ ታርቦሉን አውርጂ። ሲ ኮምፓይለርና ሜክ ካሉ ይበቁሻል። ኮንፊገርን ስታስነሺ ፕሪፊክስ በሚለው ምርጫ የራስሽን ሆም ፎልደር ንገሪው፤ ያለ ሱዶ (ያለ አድሚን ፈቃድ) እዚያ ይጫንልሻል።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ደግሞ ከዜሮ አትጀምሪም። ሜክ የፋይሎችን ሰዓት እያነጻጸረ ያላለቀውን ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ አደጋ ግን አለ። መብራቱ ሲሄድ አንድ ፋይል ግማሽ ተጽፎ ሊቀር ይችላል፤ ሜክ ሰዓቱን ብቻ ስለሚያይ ያለቀ ይመስለዋል። መብራት ከመጣ በኋላ የማይገባ ኤረር ካየሽ ሜክ ክሊን ብለሽ እንደገና ሥሪው።

አሁን ወደ ሥራው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጄኪውን ቢልድ በማድረግሽ ብቻ ማንም አይቀጥርሽም። በአፕት በአንድ መስመር የሚጫን ነገር ነው። ቀጣሪ ሊያየው የሚችለው ዋጋ ያለው ነገር፣ ስትሠሪው ምን እንዳጋጠመሽና እንዴት እንደፈታሽው የጻፍሽው ነው። በጁኒየርነት የገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ብዙ ጊዜ አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም። ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ምናልባትም የለቀቀ ሠራተኛ የተወውን ኮድ የራሱ ማሽን ላይ ማስነሳት ነው። አንቺ አሁን የምትለማመጂው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፊ። የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የትኛው የኮምፓይለር ቨርዥን፣ የትኛው የጄኪው ቨርዥን። የወጣውን ኤረር እንዳለ ቅጂው። ምን ሞከርሽ፣ የትኛው ሠራ፣ ለምን ሠራ። «ለምን» የሚለው ላይ ጊዜ ውሰጂ፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ኤረር ስታነቢ ብዙ ተማሪ የመጨረሻውን መስመር ያያል። አንቺ የመጀመሪያውን ፈልጊ፤ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው። ሄደር ፋይል የለም ካለሽ ብዙ ጊዜ የዚያን ላይብረሪ ዴቭ ፓኬጅ (ቢልድ ለማድረግ የሚያስፈልጉ ፋይሎቹን የያዘውን) አልጫንሽም ማለት ነው። አንዲፋይንድ ሬፈረንስ ካለሽ ደግሞ ኮዱ ኮምፓይል ሆኗል፤ የተቸገረው ሊንከሩ (የኮዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ፕሮግራም) ነው። ይህን ልዩነት በኢንተርቪው ላይ በራስሽ ምሳሌ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ሰርተፍኬት ደርድሮ ከመጣው ልጅ ትበልጫለሽ።

ጽሑፉን ጊትሃብሽ ላይ አስቀምጪው። ቀጥሎ የፕሮጀክቱን ያልተዘጉ ኢሹዎች (ሰዎች የዘገቧቸውን ችግሮች) ተመልከቺ። ሰው የዘገበውን ችግር በአንቺም ማሽን ላይ ደግመሽ ማየት ከቻልሽ ለፕሮጀክቱ ሰዎች በትህትና ጻፊላቸው። ይህ ትንሽ እንዳይመስልሽ። ጄኪውን በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው ስቲቨን ዶላን ነው። 1.6 የተባለው ቨርዥን በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ቀጣዩ 1.7 የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። በዓለም ዙሪያ ስንት ሰው የሚጠቀምበት ቱል አምስት ዓመት ያለ ትልቅ ቨርዥን ቆየ፤ የተንቀሳቀሰው አዳዲስ ሰዎች ጥገናውን ሲረከቡ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ችግሩን በጥንቃቄ አጣርቶ የሚያመጣ ሰው ይፈለጋል። ለስም ብቻ አንድ ኮማ አርሞ መላክ ግን ይቅርብሽ፤ የሚጠግኑትን ሰዎች ጊዜ ይበላል።

ሲቪሽ ላይ «ጄኪውን ሠርቻለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ። «ጄኪውን ከሶርስ ኮድ ኡቡንቱ ላይ ቢልድ አድርጌ ቴስቶቹን አስኪጃለሁ፤ ያጋጠመኝን ችግርና መፍትሔውን ጽፌያለሁ» በይና ሊንኩን አስቀምጪ። ሁለት ዓመት ልምድ ለሚለው ማስታወቂያ ይህ አይተካም። በ0 ዓመት ለሚወጣው ግን ከሌሎቹ ትለዪበታለሽ፤ አሁን መፈለግ ያለብሽም እሱን ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ከመውጫ ፈተናው በፊት ሌላ ሐሳብ አታብዢ። እሱን ካላለፍሽ ዲግሪው የለም፤ ይህ ሁሉ ቱል አያድንሽም። ሳምንቱን ለፈተናው አድርጊው፣ ለጄኪው ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ካለፍሽ በኋላ ከባሕር ዳርና ከዚያው ከደብረ ማርቆስ ጀምሪ፤ ባንኮች፣ የመንግሥት ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው የአይቲ ሰው ይቀጥራሉ። የአዲስ አበባውን ማስታወቂያ ባለሽበት ሆነሽ አመልክቺ። ለጽሑፍ ፈተና ከጠሩሽ ሂጂ፤ ዘመድ ቤት የምታርፊበት ከሌለሽ ግን ሳትጠሪ ቤት ተከራይተሽ አትጠብቂ።