ሳውንድ ካርድ ልትገዙ ነው? ጥያቄያችሁን አምጡ

የምቀዳው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ድምፅ፣ ክራር፣ ከበሮ፣ አንዳንዴም ዋሽንት። ሰሞኑን "ሳውንድ ካርድ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። አብዛኞቹ እንደኔ ከከተማው ዳር ናቸው። ዕቃው አልሆነም ብለው ለመመለስ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እንነጋገር። ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባለውም ያው እሱ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ሁሉም ሳውንድ ካርድ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ውስጥ ሳውንድ ካርድ አለ አይደል? ሌላ ለምን ልግዛ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አለ። ግን የተሠራው ለመስማት እንጂ ዘፈን ለመቅዳት አይደለም። የማይኩ ቀዳዳ ለኢርፎን ማይክ የታሰበ ነው። የኤክስኤልአር ኬብል (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ) አይገባበትም፣ ኮንደንሰር ማይክ (ያለ ኃይል የማይሠራው ስሱ ማይክ) የሚፈልገውን 48 ቮልት አይሰጥም፣ ብዙ ጊዜም ከላፕቶፑ ሆድ የሚወጣው ሽሽታ አብሮ ይቀዳል። ሥራህ ቢት መሥራት ብቻ ከሆነ ግን፣ ማለትም ማይክም መሣሪያም የማትሰካ ከሆነ፣ ለጊዜው አትግዛ። የቢት መሥሪያው ሶፍትዌር ኤፍኤል ስቱዲዮ የራሱን የአሲዮ ድራይቨር (ዊንዶውስ ላይ ድምፅ ብዙ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሶፍትዌር) ይዞ ይመጣል፣ በሱ ሥራ። ብሩን ጥሩ ሄድፎን ግዛበት።

ጥያቄ፦ ለቲክቶክ ላይቭ የገዛሁት ቪ8 ሳውንድ ካርድ አለኝ። ለዘፈን ቀረጻ አይሆንም?

መልስ፦ ለላይቭ ጥሩ ነው፣ ለሱ ነው የተሠራው። ለቀረጻ ግን አልመክርህም። ማይክ የሚቀበለው በትንሿ 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ነው። ኢኮውና ሙዚቃው ከድምፅህ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ላይ ይወጣል፣ አንዴ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ኢኮውን ከድምፅህ መለየት አይቻልም። ድምፅ ደረቁን ነው መቀዳት ያለበት። ኢኮ ከፈለግህ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ትጨምራለህ፣ ካልጣመህም ታነሳዋለህ።

ጥያቄ፦ ክራር እየመታሁ እዘፍናለሁ። ስካርሌት ሶሎ ልግዛ ወይስ ቱ አይ ቱ? የዋጋው ልዩነት ከበደኝ።

መልስ፦ ሁሉም ሰው መጠየቅ ያለበት ይሄንን ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። ካርድ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትቆጥረው በአንድ ጊዜ ስንት ነገር እንደሚገባበት ነው። ዋጋውም ስሙም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለቱም የፎከስራይት ካርዶች ናቸው፤ ቱ አይ ቱ 2i2 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሶሎ አንድ የማይክ ግቤት አለው። ሌላው ግቤት ለጊታር ወይም ለላይን (ከኪቦርድና ከመሳሰሉት ለሚመጣ ድምፅ) ነው፣ ሁለተኛ ማይክ አይወስድም። ቱ አይ ቱ ሁለት ማይክ ይወስዳል። አንተ እየመታህ የምትዘፍን ከሆነ፣ ክራርህም ፒክአፕ (ክራሩ ላይ ሆኖ ንዝረቱን የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ከሌለው፣ አንዱ ማይክ ለአፍህ አንዱ ለክራሩ ነው፤ እንግዲህ ቱ አይ ቱ ግድ ነው። መጀመሪያ ክራሩን ብቻ ቀድተህ በኋላ ድምፅህን የምትደርብ ከሆነ ግን ሶሎ ይበቃሃል። ክራርህ ላይ የሚለጠፍ ፒክአፕ ካለም ሶሎ ይሠራል፣ ፒክአፑን ጎን ባለው ግቤት ሰክተህ "ኢንስት" የሚለውን ታበራለህ። ይሄን ቁልፍ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የሚለጠፍ ፒክአፕ በላይን ከገባ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ክራሩ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። አጥፊው ካርዱ ነው ብለው የሚሸጡትን አይቻለሁ፤ ችግሩ አንዲት ቁልፍ ነበረች።

ሁለተኛው ነገር ጌይን ነው፤ ካርዱ የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላበት መጠን ማለት ነው፣ በዴሲቤል ይለካል። ስካርሌት ሦስተኛው ትውልድ በ2019 ወጣ፣ አራተኛው በ2023 (ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሦስተኛው 56 ዴሲቤል ጌይን አለው። ከአራተኛው ሶሎው 57፣ ቱ አይ ቱው ደግሞ 69። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ (48 ቮልት የማይፈልገው የመድረክ ማይክ) አስጠግተህ ከዘፈንክበት 56 ይበቃል። በገና ወይም ለስለስ ያለ ክራር በዳይናሚክ ማይክ ራቅ አድርጌ ልቅዳ ካልክ ግን ጌይኑን እስከ መጨረሻው ታዞረዋለህ፣ ሽሽታውም አብሮ ይነሳል። የሹር ኤስኤም7ቢ ማይክ የሚያምርህ ከሆነ እሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ይፈልጋል። በኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም።

ብር ካጠረህ በደንብ የተያዘ ሦስተኛ ትውልድ ቱ አይ ቱ ከአዲስ ሶሎ ይሻልሃል ባይ ነኝ። ለክራርና ለድምፅ ሁለተኛዋ የማይክ ቀዳዳ ከአዲስነት ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ ቤህሪንገር ዩኤምሲ22 ርካሽ ሆኖ አገኘሁት። ይሆናል?

መልስ፦ ለመማሪያ ይሆናል። ግን ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር እወቅ። አንደኛ፣ ጥራቱ 16 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ነው። ቢቱ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ በምን ያህል ዝርዝር እንደሚመዘገብ፣ ኪሎኸርዙ ደግሞ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚመዘገብ ነው። ሁለተኛ፣ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ስለሌለው ዊንዶውስ ላይ አሲዮ4ኦል የሚባለውን መጫን አለብህ። ትንሽ ጨምረህ ዩኤምሲ202ኤችዲ ካገኘህ እሱን ያዝ። 24 ቢት ነው፣ የራሱ ድራይቨርም አለው። ኤም ትራክ ሶሎም ያየኸው ከሆነ እሱም 16 ቢት ነው።

ቢቱ ምን ለውጥ ያመጣል ትለኝ ይሆናል። 16 ቢት በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ስፋት አለው፣ 24 ቢት 144። ሲዲ ራሱ 16 ቢት ነው፣ ስለዚህ ለመስማት አያንስም። ስትቀዳ ግን 24 ቢት ነፃነት ይሰጥሃል። ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን የድምፅ መለኪያ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ አድርገህ ትቀዳለህ፣ ዘፋኙ ስሜት ውስጥ ገብቶ ድምፁን ድንገት ቢለቀው አይቆረጥም፣ ዝቅ ብሎ የተቀዳውንም በኋላ ከፍ ስታደርገው ሽሽታ አያመጣብህም።

ጥያቄ፦ 192 ኪሎኸርዝ የሚል ካርድ አየሁ። ይበልጣል?

መልስ፦ ለዚያ ቁጥር ብር አትጨምር። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ነው፣ ያንን ለመያዝ ከእጥፉ ትንሽ የሚበልጠው 44.1 ይበቃል። ለቪዲዮ ከሆነ በ48 ቅዳ። በ24 ቢት አንድ ትራክ በ48 ለደቂቃ ወደ 9 ሜጋባይት ይወስዳል፣ በ192 ወደ 35። ሃርድ ዲስክህን ይሞላል፣ ላፕቶፕህንም ያደክማል።

ጥያቄ፦ ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ከከበሮው ጋር መሄድ አቃተኝ። ካርዱን ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይሪው እህቴ። መጀመሪያ ካርድሽ ላይ "ዳይሬክት ሞኒተር" የሚል ቁልፍ ካለ አብሪው። ድምፅሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይዞር በቀጥታ ከካርዱ ወደ ሄድፎንሽ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ሞኒተር ደግሞ አጥፊው፣ አለበለዚያ ራስሽን ሁለት ጊዜ ትሰሚዋለሽ።

ቁልፉ ከሌለ ወይም በኢፌክት መስማት ከፈለግሽ በፈር የሚባለውን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ቀንሺ። በ44.1 ኪሎኸርዝ በፈሩ 1024 ሲሆን 23 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል፣ 256 ላይ 6፣ 128 ላይ 3። ይሄ ለአንዱ መንገድ ብቻ ነው፤ ገብቶ ሲወጣ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ ድምፅ በአየር ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ለመሄድ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከበሮ መቺው ከክፍሉ ማዶ ቢቆም እንኳ ያን ያህል ይዘገያል፣ ያ አይረብሽሽም። ወደ 40 እና 50 ሲደርስ ግን የጉራጌኛ ምት ላይ መዝፈን ሥቃይ ነው። ስትቀጂ በፈሩን ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርጊ ከፍ አድርጊው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የካርዱን የራሱን የአሲዮ ድራይቨር ከአምራቹ ጫኚ፣ ብዙ ጊዜ በሽታው እሱ ነው። የቀረጻ ሶፍትዌሩ ኦዳሲቲ 3 እንደወረደ አሲዮ አይደግፍም። ሪፐር የሚባለውን የቀረጻ ሶፍትዌር ሞክሪው፣ 60 ቀን በነፃ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ነኝ። ሁልጊዜ "እምምም" የሚል ድምፅ አብሮ ይቀዳል። ካርዱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ምናልባት የኤሌክትሪኩ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ያ "እምምም" የ50ው ወይም የ100ው ድምፅ ነው። እንዲህ ፈትሸው፦ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀለውና በባትሪ ቅዳ። ድምፁ ከጠፋ ካርድህ ደህና ነው። ከዚያ ላፕቶፑን፣ ስፒከሩንና ኪቦርዱን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፣ በየግድግዳው ሶኬት ላይ አትበትናቸው። የማይኩን ገመድ ከቻርጀር ገመድ ጋር አታጋድመው። ስልክህን ከካርዱ አጠገብ አንሳ። የሶኬቱን የአርዝ እግር ግን ቆርጠህ እንዳትጥል፣ ድምፁ ቢጠፋም ሰው የሚገድል ነገር ነው። ቤቱ ጭራሽ አርዝ ከሌለው ኤሌክትሪሽያን አስጠራ።

እዚህ ላይ ለዳር ሰፈር ሰው ሁሉ የምለው አለኝ። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ካርድ ግዙ። ሶሎ፣ ቱ አይ ቱ፣ ዩኤምሲ202ኤችዲ ሁሉም ከላፕቶፑ ኃይል ይወስዳሉ፤ መብራት ቢሄድም ዘፋኙን "በቃ ሂድ" አትሉትም። የራሱ አዳፕተር የሚፈልግ ካርድ ከሆነ ግን ሥራው ይቆማል። ለኔ ይሄ ከብዙ የጥራት ቁጥር ይበልጥብኛል። እንዲያውም በጣም ንጹሕ የሆኑ ቀረጻዎቼ መብራት በጠፋ ማታ የተሠሩ ናቸው፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ ቻርጀር የለ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሥራ ሁለት ሰው ያለው መዘምራን አለን፣ ሰበታ ነን። የዩኤስቢ ሚክሰር እንግዛ ወይስ ካርድ?

መልስ፦ አባባ፣ ሚክሰሩን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ በዩኤስቢ ስንት ቻናል ይልካል? ብዙዎቹ ትናንሽ ሚክሰሮች ስምንት ማይክ ቢሰካባቸውም ወደ ኮምፒውተር የሚልኩት የተቀላቀለውን ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የአንዱን ድምፅ ልቀንስ ቢሉ አይቻልም። አራት ማይክ ለየብቻ የሚቀዳ ካርድ፣ ለምሳሌ ዩኤምሲ404ኤችዲ፣ ለእናንተ ይሻላል፤ እሱ ግን አዳፕተር ስለሚፈልግ መብራት ያለበትን ሰዓት ይምረጡ። ባለ ሁለት ግቤት ካለዎትም ይሠራል። መዘምራኑን በግማሽ ክብ አቁመው ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ከፊታቸው ያድርጉ። አንዴ ከተዘመረ በኋላ ደግመው ያዘምሯቸውና ሁለቱን ይደርቡ፣ ሃያ አራት ሰው ይመስላል። ከበሮው ለብቻው ይቀዳ።

ጥያቄ፦ ገላን፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነኝ። የትኛው ካርድ ነው ማስተጋባቱን የሚቀንሰው?

መልስ፦ የትኛውም። ካርድ የሚቀዳው ማይኩ የሰማውን ነው። ስለዚህ ያለህን ብር በሙሉ ካርድ ላይ አትጨርሰው። ዳይናሚክ ማይክ ያዝ፣ ከአፍህ አንድ ስንዝር አርቀው። ከኋላህ ፍራሽ አቁም፣ ከጎንህ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀል። ከኋላህ ያልኩት ማይኩ የሚያየው ወደዚያ ስለሆነ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ምንም መፍትሔ የለውም፣ ቀረጻውን ጠዋት አድርገው፤ ከሰዓቱን ለሚክስ ተወው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ላፕቶፕህን፣ ማይክህንና ሄድፎንህን ይዘህ ሂድ። ሻጩ "ይሠራል" ስላለህ ብቻ አትክፈል። እኔ አንድ ጊዜ ሁለተኛው ግቤት የሞተ ካርድ ይዤ ገብቻለሁ፣ ሱቅ ውስጥ አንደኛውን ብቻ ስለሞከርኩ። ሁለቱንም ግቤት ሞክር። ኮንደንሰር ማይክ ሰክተህ 48 ቮልቱን አብራ። ጌይኑን ቀስ ብለህ አዙር፣ "ክርር ክርር" ካለ ማዞሪያው (ፖቴንሽሜትሩ) አልቋል። የዩኤስቢውን ቀዳዳ በጣትህ ነካ ነካ አድርገው፣ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ተወው። ድራይቨሩም ለአንተ ዊንዶውስ መኖሩን ከመሄድህ በፊት አረጋግጥ። ማይክ አብሮ ከሸጠልህ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ኤስኤም58 አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ የለኝም። በስልክ ይሠራል?

መልስ፦ ታይፕ ሲ ያለው አንድሮይድ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ የኦቲጂ ገመድ (ስልክን ከዩኤስቢ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ) ያስፈልግሃል። የስልኩ ኃይል ለካርዱ ላይበቃው ይችላል፤ ኃይል ማስገቢያ ያለው ሀብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ጨምርና በፓወር ባንክ መግበው። ስልክህን ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክተህ ሞክር።

ጥያቄ፦ 48 ቮልቱ ማይኬን አያቃጥልም?

መልስ፦ ዳይናሚክ ማይክ በደህና የኤክስኤልአር ገመድ ከተሰካ አይነካውም። ሪበን ማይክ (ውስጡ ስስ የብረት ጥብጣብ ያለው) ግን ሊጎዳ ይችላል። ልማድ አድርገው፦ መጀመሪያ ሰካ፣ ከዚያ 48ቱን አብራ። ስትነቅል ደግሞ መጀመሪያ አጥፋ፣ ሄድፎኑን ከጆሮህ አውርድ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅና ንቀል።