ሠርጉ አዳራሽ ይሁን ድንኳን?

ጤና ይስጥልኝ፣

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ልንጋባ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ ሁሉም ነገር በሰላም አለፈ። ቦታው ላይ ስንደርስ ግን መስማማት አቃተን።

እኔና እጮኛዬ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር 150 ሰው ብቻ ጠርተን ብንደግስ ደስ ይለናል። የእሱ ቤተሰቦች ቦሌ ትልቅ አዳራሽ ካልሆነ ይላሉ። የእነሱ ወገን ብቻውን 200 ሰው ነው። እናቴ ደግሞ «ጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ድንኳን ካልተጣለ ልጄን ዳርኩ አልልም» ብላለች። አባቴ ሲያርፍ ቤታችንን የያዙት እድርተኛውና ጎረቤቱ ናቸው። ያንን እኔም አልረሳሁም። ግን እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደግሳ ልትወጣው አትችልም ብዬ እፈራለሁ።

አንድ አዳራሽ እስከ ዓርብ ቀብድ ካልከፈላችሁ ቀኑን ለሌላ እንሰጣለን ብሎናል። ማንን ላስቀይም?

ሙሽሪት፣ ከጀሞ

*

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ።

እኔ ብሆን እሁድን አዲስ አበባ ውስጥ መካከለኛ አዳራሽ አደርግና መልሱን ጀሞ፣ እናትሽ ግቢ እደግሳለሁ። መልስ ድሮም የሴት ወገን ድግስ ነው። ድንኳኑም፣ እድሩም፣ ጎረቤቱም እዚያ ቦታቸው ነው። እናትሽ የፈለገችው ጎረቤቶቿን በራሷ ደጅ ማብላት ነው። ያንን የትኛውም አዳራሽ አይሰጣትም።

ቢሾፍቱ ይቅርባችሁ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መኪና ላለው ምንም አይደል። መኪና ለሌለው ግን አውቶቡስ መከራየት አለባችሁ፤ ማታም አዛውንቶቹን ወደ ቤታቸው መመለስ አለ። ከእናትሽ እድር ስንቱ ይመጣል? ሐይቁን ከወደዳችሁት ለፎቶ ወይም ለጫጉላችሁ ሂዱ።

ቦሌ ለጀሞ ሰው ይርቃል። ሳር ቤት ወይም መካኒሳ አካባቢ ፈልጉ። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችሁም ወገኖች የእሁዱን እንግዶች በስም ጻፉ። በግምት የተያዘ አዳራሽ ወይ ይጠባል፣ ወይ ላልመጣ ሰው ያስከፍላል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አዳራሹን በደንብ ጠይቁ። ዋጋው በሰው ሲነገራችሁ ቫቱና ሰርቪስ ቻርጁ ገብቶበት እንደሆነ አረጋግጡ። ብዙ ሆቴል 10 በመቶ ሰርቪስ ይይዛል፤ በላዩ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 1,000 ብር የተባለው 1,265 ብር ይሆናል። በ300 ሰው አስቢው፤ ልዩነቱ ብቻ 79,500 ብር ነው። ሰው ቢቀር የምትከፍሉት ትንሹ ቁጥር ስንት እንደሆነም ይነገራችሁ። ጠጅና ጠላ ከቤት ማስገባት ይቻላል? ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይቆማል? በዚያው ቀን ሌላ ሠርግ አለ ወይ? ካለ ዲኮር የሚሠሩት ልጆች መቼ ይገባሉ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያንቀሳቅሳል? ይህንን ለእናትሽ ጉልበት ስትይ በዓይንሽ እይው። ሙስሊም እንግዶች ካሏችሁ ሥጋቸው ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ እንዲቀርብ ተነጋገሩ። ሰፈር ውስጥ ይህን ጎረቤት ያውቅበታል፤ አዳራሽ ግን ካልተነገረው አያስበውም። ሠርጉ ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለስ እንደሆነም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ወደ መልሱ ልምጣ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነውና ይቅሩ። ሥራ ላለው ሰው ቅዳሜ ይመቻል። ጾመ ነነዌ በጥር የሚገባበት ዓመት ስላለ መቁጠሪያውን እዩ። ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት እድሩ ይኖረዋል። የግቢው ኮሚቴ ቀድሞ ይፈቅድ፤ መኪኖቹ ከዋዜማው ይነሱ፤ እርዱና ወጡ ኮሚናሉ (የግቢው የጋራ መገልገያ ቤት) ጋ ይሁን። ወጥ ሠሪ ቅጠሩ፣ እንጀራውንም እዘዙ። እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትቀበል እንጂ ድስት ሥር አትዋል።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ጎረቤቶቹ መልሱን «ትርፍ ድግስ» አድርገው እንዳያዩት። በእናትሽ የመከራ ቀን ከጎኗ ያልተለዩትን እሁድም አዳራሽ ጥሯቸው፤ ከፊት አስቀምጧቸው። በመልሱ ቀን ደግሞ ከባልሽ ጋር ተነሥታችሁ በእጃችሁ አጉርሷቸው። የእሱ ቤተሰቦችም ጀሞ ይምጡ፤ የአዳራሹ ስፋት ላይ ሲያነሡት የነበረው ክርክር እዚያ ይለዝባል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ዓርብ ከመድረሱ በፊት እናትሽ ጋ ሂጂ። የመልሱን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ አትስማው። ለእድሩም ራሷ ትንገር፤ የጥሪ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይታተም። አዳራሹ ለጥያቄዎችሽ በጽሑፍ መልስ ካልሰጠ ግን ዓርብም ቢሆን ቀብድ አትክፈሉ፤ ሌላ አዳራሽ ፈልጉ።