የፓወር ግዕዝ ጽሑፎች ሊኑክስ ላይ ሲመሰቃቀሉ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት አጠገብ፣ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ክስ፣ መልስ፣ የመሬት ኪራይ ውል፣ የዕድር ደንብ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ባሕር ዳር የሚማረው ወንድሜ መጥቶ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ሲስተም ጫነልኝ፤ ዊንዶውሱንም ጎን ለጎን ተወው። ፍጥነቱን ወድጄዋለሁ። ግን የቆዩ ፋይሎቼን ስከፍት አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። የሚገርመው አንዳንዱ ፋይል በደንብ ይነበባል። የብዙ ዓመት ሥራዬ ነው። ቫይረስ ነው? ወይስ ሲጫን ተበላሽቶ ነው? ወደ ዊንዶውስ ልመለስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ፋይሎችሽ አልተበላሹም። ቫይረስም አይደለም። አሁን ግን አንድ አደራ አለኝ። የተመሰቃቀለውን ፋይል ምንም ሳትነኪ ዝጊው። ‹ሴቭ ላድርግ ወይ?› ብሎ ቢጠይቅሽ እንቢ በይው። በተለይ ጽሑፉን በሙሉ መርጠሽ ፎንቱን ወደ ሌላ እንዳትቀይሪ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንን ነው፤ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ወንድምሽም የዊንዶውሱን ክፍል ለጊዜው ፎርማት እንዳያደርገው ንገሪው። ከዚያ የምንፈልገው ነገር አለ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስም ይህንኑ ችግር ይዞ የሚመጣው ሰው በዝቷል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።

የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ‹ሀ› የሚባል ፊደል አያውቅም ነበር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ከፊሉ ለኮምፒውተሩ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ደግሞ 231 ይሆናል። እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ እነ ቪዥዋል ግዕዝንና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን የሠሩ ባለሙያዎች ዘዴ ፈጠሩ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ኮድ ወስደው የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡበት። አንዳንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙት፤ ግንዱ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። ትልቅ ውለታ ነው የዋሉልን። ያ ሥራ ባይኖር ብዙ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ከታይፕራይተር ጋር ይቆይ ነበር።

ፋይልሽ ውስጥ እንግዲህ የተቀመጠው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ነው። ሌላው ይህ ኮድ በየትኛው ፎንት መታየት እንዳለበት የሚናገረው የፎንቱ ስም ነው። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ‹ከሳሽ› ተብሎ ይነበባል። ከሌለ ባዶው ኮድ ይወጣል። የቆየ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ላይ ጽሑፍ ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ ስትለጥፊ የሚወጣው ትርምስም ከዚሁ የመጣ ነው።

አሁን ፎንቱን በጅምላ መቀየር ለምን ጎጂ እንደሆነ ይገባሻል። አንድ ውል ውስጥ አማርኛም እንግሊዝኛም አለ እንበል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱም የእንግሊዝኛ ኮድ ናቸው። የሚለያቸው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። እሱን ካጠፋሽው የትኛው አማርኛ፣ የትኛው የሰው የእንግሊዝኛ ስም እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም።

በደንብ የሚነበቡት ፋይሎችሽ ደግሞ በዩኒኮድ የተጻፉ ናቸው። ፓወር ግዕዝ ራሱ ኋላ ላይ የዩኒኮድ ፎንቶች ይዞ መጥቷል። አንቺም አንድ ቀን በዚህኛው፣ ሌላ ቀን በዚያኛው ጽፈሽ ይሆናል። አንድ ፋይል ውስጥ ርእሱ በዩኒኮድ፣ ዝርዝሩ በድሮው ሆኖም አይቻለሁ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ የተመሰቃቀለ ፋይል ሚንት ላይ ባለው የጽሕፈት ፕሮግራም፣ በሊብሬኦፊስ ክፈቺ። ትርምሱ መሃል አንዴ ጠቅ አድርጊ። ከዚያ ከላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን እዪው። ስሙ ዘመም ብሎ በኢታሊክ ከተጻፈ ፎንቱ ኮምፒውተርሽ ላይ የለም ማለት ነው። ሊብሬኦፊስ በሌላ ተክቶ እያሳየሽ ነው። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፊው። ‹ግዕዝ-1›፣ ‹ግዕዝ-2› የሚል ዓይነት ከሆነ የፓወር ግዕዝ ነው። ‹ቪጂ2 ሜን› ወይም ‹ቪጂ2 አጋዚያን› ካለ የቪዥዋል ግዕዝ ነው። ሌላ አንቀጽ ላይም ጠቅ እያደረግሽ እዪ፤ አንድ ሰነድ ሁለት ሦስት ፎንት ሊይዝ ይችላል።

በነገራችን ላይ የሚታይሽ ባዶ ሳጥን ሳጥን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። ያኔ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ የጎደለው የአማርኛ ፎንት ብቻ ነው። ከሶፍትዌር ማናጀር ‹አቢሲኒካ›ን ወይም ‹ኖቶ› የተባሉትን የኢትዮጵያ ፎንቶች መጫን ይበቃል። ሁሉም ነፃ ናቸው።

ወደ አንቺ ጉዳይ እንመለስ። ፎንቶቹ በዊንዶውሱ ክፍል ውስጥ አሉ። ሚንት ላይ ፋይል ማናጀሩን ክፈቺና በግራ በኩል የዊንዶውሱን ዲስክ ጠቅ አድርጊ። ‹ዊንዶውስ› የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቢ፤ ከዚያ ‹ፎንትስ› የሚለው ውስጥ። የጻፍሻቸውን ስሞች ፈልጊ። አንዱን ብቻ አትውሰጂ፤ ቤተሰቡን በሙሉ ኮፒ አድርጊ። የግዕዝ ቁጥሮቹና አንዳንድ ምልክቶች በሌላ የፎንት ፋይል ስለሚቀመጡ፣ እሱን ከተውሽው ውሉ ይነበብና ቁጥሩ ይመሰቃቀላል። ዲስኩ ላይ መጻፍ አልችልም ቢልሽ አትደንግጪ። ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ሲቀር የሚመጣ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ማንበብና ኮፒ ማድረግ ነው፤ እሱን አይከለክልሽም።

ፎንቶቹን ሚንት ላይ ወዳለው የራስሽ ፎልደር አምጪ። እያንዳንዱን ዳብል ክሊክ ስታደርጊው የፎንቱ ናሙና ይከፈትና ‹ኢንስቶል› የሚል ቁልፍ ይታያል። ብዙ ከሆኑ አሰልቺ ነው። ሌላው መንገድ የራስሽ ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ‹ፎንትስ› የሚባል ፎልደር ፈጥረሽ ሁሉንም እዚያ መገልበጥ ነው። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ይደበቃል፤ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኚ ይታያል። ስሙ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ይጻፍ፤ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። ከዚያ የተከፈቱትን የሊብሬኦፊስ መስኮቶች ሁሉ ዝጊና እንደገና ክፈቺ። ጽሑፉ እንደ ድሮው ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ።

ፎንቶቹን የምትጠቀሚው ከገዛሽው ፕሮግራም ነውና ለሌላ ሰው አታከፋፍያቸው። የሰው ልፋት ነው።

አሁን ማንበብና ማተም ትችያለሽ። እዚህ ላይ ግን አትቁሚ። በድሮው ፎንት የተጻፈውን ፋይል ሊኑክስ ላይ ማረም አይመከርም። ፓወር ግዕዝ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እዚህ አብሮሽ የለም። ደግሞ ሊብሬኦፊስ ጽሑፉን እንግሊዝኛ አድርጎ ነው የሚያየው። ከነጥብ በኋላ ያለውን ትንሹን ፊደል ትልቅ አድርጎ ሊያርመው ይሞክራል። ኮዱ ሲቀየር ፊደሉም ይቀየራል። በክስ ማመልከቻ ውስጥ አንድ ፊደል ምን እንደሚያመጣ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የድሮው ፋይል ለማንበብና ለማተም ብቻ ይሁን። አዲስ ሥራ በሙሉ በዩኒኮድ ይሁን።

‹ታዲያ ያን ሁሉ ፋይል ልቀይር?› ትይኝ ይሆናል። አይ፣ ሁሉንም አትንኪ። ያለቀ የደንበኛ ጉዳይ ፎንቱ ከተጫነ በኋላ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥና ይቀመጥ። ሊብሬኦፊስ ‹ፋይል› ውስጥ ‹ኤክስፖርት አዝ› የሚል አለው። ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ የትም ብትከፍችው ይነበባል። ዋናውንም ፋይል አታጥፊው፤ ፍላሽ ላይ አንድ ኮፒ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ኮፒ ይኑር። ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያለባቸው በየቀኑ ከፍተሽ ስምና ቀን እየቀያየርሽ የምትሠሪባቸው ናሙናዎች ናቸው። የኪራይ ውል፣ የብድር ውል፣ የውክልና ማመልከቻ፣ የይግባኝ ቅጽ። ብትቆጥሪያቸው ያን ያህል አይበዙም።

አጭር የሆነውን እንደገና ጻፊው፤ ይፈጥናል። ለረጅሙ ግን የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ነፃ መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ‹ዶክስ ኮንቨርተር› ይባላል። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን ጨምሮ የቆዩ ፎንቶችን ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል። የፎንቱን ስም እያየ ስለሚሠራ እንግሊዝኛውን አይነካም። ፎንቱን አትቀይሪ ያልኩሽ ለዚህም ነው። የሚቀበለው አዲሱን የወርድ ፋይል ዓይነት ስለሆነ፣ ፋይሉ የድሮው ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ በሊብሬኦፊስ ‹ሴቭ አዝ› ብለሽ በሌላ ስም ወደ አዲሱ አስቀምጪው።

ከተቀየረ በኋላ ግን የድሮውን አትመሽ፣ አዲሱን ስክሪን ላይ ከፍተሽ፣ ጎን ለጎን በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ጊዜ የምታጠፊበት ቦታ ይህ ነው። እነ ሟ፣ ቷ፣ ኗ ያሉበትን ቃል ቀስ ብለሽ እዪ። የግዕዝ ቁጥሮችን፣ የገንዘብ መጠኑን፣ የመሬቱን ስፋትና አዋሳኝ ሁለቴ አረጋግጪ። አራት ነጥቡንም እዪው። በድሮው አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደርድሮ ይገኛል፤ በዩኒኮድ ግን ። ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። በፍለጋና በመተኪያው አንዴ ሁሉንም ማስተካከል ይቻላል።

አጻጻፉን በተመለከተ ሁለት ምርጫ አለሽ። አንደኛው ከሚንት ሶፍትዌር ማናጀር ‹አይባስ› እና ‹አይባስ ኤም17ኤን› የሚባሉትን የኪቦርድ ፕሮግራሞች መጫን ነው። ከዚያ በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን መርጠሽ ‹ሴራ› የሚለውን ትጨምሪያለሽ። ሎግ አውት ብለሽ ስትመለሺ ይሠራል። ሁለተኛው ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነው። እሱም ነፃና ክፍት ነው። ለአንቺ ቤት ኪማንን እመርጣለሁ። ዊንዶውስ ላይም ስልክ ላይም ስላለ፣ የምትቀጥሪያት ልጅ የትም ብትማር ያው አጻጻፍ ይጠብቃታል። በሁለቱም አጻጻፉ በድምፅ ነው፤ ትንሹ ቲ ት ይሰጣል፣ ትልቁ ቲ ጥ። ከፓወር ግዕዝ ትንሽ የሚለይበት ቦታ ስላለ መጀመሪያ ጣትሽ ይሳሳታል። ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ተለማመጂ። ጠዋት ሰው ተሰልፎ ሳለ አዲስ ኪቦርድ አትጀምሪ።

ኔት እንደልብ ካልሆነ፣ ኔት ባለበት ቀን እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጫኚ። ከተጫኑ በኋላ ያለ ኔት ይሠራሉ።

እዚያው ሳለሽ ሁለት ነገር አስተካክዪ። ሚንቱ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተጭኖ ከሆነ ሊብሬኦፊስ አዲስ ገጽ ሲከፍት ወረቀቱን ሌተር ያደርገዋል። የእኛ ወረቀት ኤ4 ነው። ‹ፎርማት› ውስጥ ‹ፔጅ ስታይል› ገብተሽ ቀይሪው፤ ካልሆነ ገጽ አቆጣጠሩ ይዛባል፣ የፊርማው ቦታም ወደ ሌላ ገጽ ይሸሻል። ሁለተኛው መብራት ነው። ሊብሬኦፊስ ለድንገተኛ መጥፋት የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። ለእኛ መብራት 10 ደቂቃ ብዙ ነው። ‹ቱልስ›፣ ‹ኦፕሽንስ›፣ ከዚያ ‹ሎድ ሴቭ› ውስጥ ‹ጀነራል› ግቢና ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው። እዚያው ሁልጊዜ የቀድሞውን ኮፒ እንዲያስቀር የሚያዝ ምልክት አለ፤ አብሪው።

ወደ ዊንዶውስ ልመለስ ወይ ላልሽው፣ እኔ አትመለሺ ነው የምለው። ኮምፒውተርሽ 11ን አይቀበልም። ማሻሻያ በማይመጣለት 10 ላይ የሰው ሰነድ መያዝ ደግሞ ጥሩ አይደለም፤ በተለይ በየቀኑ የማታውቂው ፍላሽ ለሚሰካበት ቤት። የአሁኑ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ያገኛል። ዊንዶውሱ ግን ፎንቶቹን እስክታወጪና ናሙናዎችሽን እስክትቀይሪ ድረስ በቦታው ይቆይ።

ፎንቱን ጭነሽም የማይነበብ ፋይል ካጋጠመሽ የፎንቱን ስም ጽፈሽ ላኪልኝ። የባለጉዳይ ሰነድ ግን እንዳለ አትላኪ። ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጪና ስም፣ የገንዘብ መጠንና አድራሻ ያለበትን መስመር ሁሉ አጥፊ። አንድ የማይነበብ አንቀጽ ከቀረልኝ ለእኔ ይበቃኛል።