«ረን» ሁሉ ሩጫ አይደለም

ጥያቄ፦ አንድ የሥራ ውል ከእንግሊዝኛ ስተረጉም «ውሉ ለሁለት ዓመት ይሮጣል» የሚል ነገር ወጣኝ። ግሱ «ረን» ነው። መዝገበ ቃላት ብገልጥ ፍቺው ገጽ ሞልቶ ፈሰሰ። ይህን ሁሉ መሸምደድ አለብኝ?

መልስ፦ አይሸምድዱት። በትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ክለሳ ለዚህ ግስ 645 ፍቺ ተቆጥሮለታል፤ እንግሊዞቹም በቃላቸው አያውቁትም። እኛስ «ያዘ»ን መቼ ቆጥረን እናውቃለን? ዕቃ ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ምጥ ያዛት።

መጀመሪያ የሚሮጠው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ሰው ወይም እንስሳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ሮጠ» ያስኬዳል። ሞተር ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሆነ «ይሠራል»፣ ውሃ ከሆነ «ይፈሳል»፣ የሚታጠብ ጨርቅ ቀለም ከሆነ «ይለቃል»፣ መንገድ ከሆነ «ይዘልቃል»። ውል ግን «ይጸናል»፤ ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር «ውሉ ለሁለት ዓመት ይጸናል» ይሆናል።

ቀጥሎ ከግሱ በኋላ የመጣውን ይዩ። ሰውዬው የሚሮጠው ድርጅት ከሆነ እያስተዳደረው ነው። «ፎር» ከገባበት ደግሞ ከፎር ወዲያ ያለው ይፈርዳል፦ ሥልጣን ከሆነ «ተወዳደረ»፣ አውቶቡስ ከሆነ «እንዳያመልጠው ሮጠ»። «ረን ኢንቱ»ም እንዲሁ ነው፤ ግድግዳ ከተከተለው «ተጋጨ»፣ የድሮ ጓደኛ ከተከተለው «በአጋጣሚ ተገናኘ»።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ረን አውት ኦቭ» ላይ ነው። እንግሊዝኛው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ሰውየውን ያደርጋል፤ አማርኛው ያለቀውን ነገር። «አይ ራን አውት ኦቭ ታይም» ማለት «ጊዜ አለቀብኝ» ነው፤ ሰውየው ወደ «ብኝ» ወርዶ ይቀመጣል። በተገላቢጦሽ ስንሄድም «ማይ ታይም ኢዝ ፊኒሽድ» የምንለው ይህንኑ የአማርኛ አሰካክ ይዘን ስለምንገባ ነው።

ጥያቄ፦ «ሂ ሀዝ ራን» ብዬ ጽፌ መምህሬ ሰረዘብኝ። ያለፈ ነገር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ያለፈስ አልፏል፤ ግን «ሀዝ» የሚፈልገው ሦስተኛውን ቅርጽ ነው። ቅርጾቹ ረን፣ ራን፣ ረን ናቸው፤ ሦስተኛው ተመልሶ መጀመሪያውን ይመስላል። ስለዚህ ከ«ሀቭ»፣ ከ«ሀዝ»ና ከ«ሀድ» በኋላ «ረን» ይጻፋል። «ከም፣ ኬም፣ ከም»ም እንደዚሁ ነው። ተደራጊ ሲሆንም («ድርጅቱ በእሷ ይተዳደራል» ለማለት) የሚገባው ይኸው ሦስተኛው ነው። «ራን»ን ያለ ረዳት ግስ፣ ለብቻው ሲቆም ብቻ ይጠቀሙበት። «ኢንግ» ሲጨምሩበት ደግሞ «ኤን» ፊደልን ሁለት ጊዜ ይጻፏት፤ አንዷን መርሳት የተለመደ የፈተና ስህተት ነው።