ስታንዳርድ ካውንት ሲወርድ፦ ሶርሱ አርጅቶ ነው ወይስ ጌጁ ተበላሽቶ?

ጥያቄው የመንገድ ፕሮጀክት ላብራቶሪ ቴክኒሻን የላኩልን ነው። ኒውክሌር ዴንሲቲ ጌጃቸው (የአፈርን ጥግግትና እርጥበት በጨረር የሚለካው መሣሪያ) 8 ወር መጋዘን ከርሞ ሲወጣ ስታንዳርድ ካውንቱ (ከሥራ በፊት ጌጁን ለመፈተሽ ሪፈረንስ ብሎክ በሚባል ማመሳከሪያ ላይ የሚወሰደው ቆጠራ) አላልፍ ብሏል። የዴንሲቲው ከ2,412 ወደ 2,370፣ የእርጥበቱ ደግሞ ከ655 ወደ 611 ወርዷል። በቀይ አፈር ላይ ጌጁ 18% እርጥበት ሲያሳይ ናሙናው በኦቭን ደርቆ ሲለካ 14% ይሰጣል። «ሶርሱ አልቆ ይሆን?» ይላሉ፤ ሶርስ የሚሉት በጌጁ ውስጥ ያለውን ጨረር አመንጪ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ይመልከቷቸው፤ ምክንያታቸው አንድ አይደለም።

የዴንሲቲው ቆጠራ የሚመጣው ወደ አፈሩ በሚገባው ዘንግ ጫፍ ካለው ሲዝየም-137 ነው። ግማሽ ዕድሜው (ከአተሞቹ ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ በወር 0.19%፣ በ8 ወር 1.5% ይቀንሳል። የእርስዎ የወረደው 1.7% ነው። የቀረችው 0.2% የተለመደ መዋዠቅ ናት፤ አተሞቹ የሚፈርሱት በዘፈቀደ ስለሆነ ሁለት ቆጠራ እኩል አይመጣም። ጌጁ አላሳልፍም ያለው ካለፉት አራት ቆጠራዎች አማካይ ከ1% በላይ ስለራቀ ነው። እዚህ ላይ ብልሽት የለም።

የእርጥበቱ ግን ያሳስባል። በዚያ በኩል ያለው ሶርስ አሜሪሲየም-241 ከቤሪሊየም ጋር ተደባልቆ የታሸገበት ነው። አሜሪሲየሙ የሚለቀው የአልፋ ቅንጣት ቤሪሊየም-9ን ሲመታ ካርቦን-12 ይፈጠርና አንድ ኒውትሮን ይወጣል። የአሜሪሲየሙ ግማሽ ዕድሜ 432 ዓመት ነው፤ በ8 ወር 0.1% ብቻ ይቀንሳል። የ6.7% መውረድን በእርጅና ማሳበብ አይቻልም።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦታው ነው። የድሮው ቆጠራ ከውሃ በርሜል ወይም ከግድግዳ አጠገብ ተወስዶ ከነበረ ቁጥሩ ያኔውኑ ከፍ ብሎ ይሆናል። ስለዚህ ጌጁን ከግድግዳና ከተሽከርካሪ 3 ሜትር፣ ከሌላ ጌጅ ደግሞ 10 ሜትር ያርቁት። ሪፈረንስ ብሎኩን በደረቅ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ላይ እንጂ በጠረጴዛ ወይም በፒክአፕ ጀርባ ላይ አያስቀምጡት። የብሎኩን ላይና የጌጁን ሆድ ይጥረጉ፤ ጌጁ ከብሎኩ የብረት መጠጊያ ጋር መግጠሙን፣ እጀታውም በሴፍ ቦታ (ዘንጉ ወደ ጌጁ ውስጥ በተሰበሰበበት) መሆኑን ያረጋግጡ። አብርተው 10 ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ የ4 ደቂቃ ቆጠራ አራት ጊዜ ይውሰዱ። የእርጥበቱ አራት ቁጥሮች ከአማካያቸው በ2% ውስጥ ካሉና የድሮው ቆጠራ ቦታ ስሕተት እንደነበረ ካረጋገጡ አዲሱን አማካይ ይያዙ። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም ቦታው ድሮም ትክክል ከነበረ፣ ኒውትሮን የሚቆጥረው የሂሊየም-3 ቱቦ ወይም ኤሌክትሮኒክሱ ተነክቷል ማለት ነው፤ ፈቃድ ወዳለው ጥገና ይላኩት። በራስዎ አይክፈቱት።

የቀይ አፈሩ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። ጌጁ ውሃን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሃይድሮጂንን ነው። ፈጣን ኒውትሮን በሃይድሮጂን ውስጥ እስኪዘገይ 18 ያህል ግጭት ይበቃዋል፤ በካርቦን ውስጥ ከ110 በላይ ያስፈልገዋል። ዲቴክተሩ በአብዛኛው የሚቆጥረው የዘገዩትን ነው። በሸክላ ማዕድን ውስጥ የታሰረው ሃይድሮጂን በ110 ዲግሪ ኦቭን አይወጣም፤ ጌጁ ግን ይቆጥረዋል። ሬንጅና የበሰበሰ ቅጠልም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ይህ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። እርጥብ ዴንሲቲ 2.05፣ ኤምዲዲ (በላብራቶሪ የተገኘው ከፍተኛ ደረቅ ዴንሲቲ) 1.85 ቢሆን በ18% እርጥበት ኮምፓክሽኑ (ደረቁ ዴንሲቲ ከኤምዲዲ አንጻር) 93.9% ይወጣል፤ በ14% ግን 97.2% ነው። 95% ለሚጠየቅበት ንብርብር፣ መስፈርቱን ያሟላ ሥራ ወደቀ ተብሎ እንደገና ይታረሳል።

መፍትሔው ኦፍሴት፣ ማለትም የጌጁን ንባብ የሚያርም ቁጥር ነው። ቢያንስ በአምስት ነጥብ ጌጁን አንብበው ከዚያው ሥር ናሙና ወደ ኦቭን ይውሰዱ። ትሮክስለር በተባለው ኩባንያ ጌጆች ይህ ቁጥር ኬ ይባላል፤ የሚገኘውም የኦቭኑ ሲቀነስ የጌጁ፣ ለ100 ሲደመር የጌጁ ተካፍሎ፣ በ1,000 ተባዝቶ ነው። በእርስዎ ቁጥር −4 ለ118 ሲካፈል፣ ኬ −34 ገደማ ይሆናል። አፈሩ የሚቆፈርበት ቦታ ሲቀየር ኦፍሴቱም እንደ አዲስ ይሠራ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያልጠየቁት ቢሆንም ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ዘንጉ ወደ ሴፍ ሲመለስ ሥሩ ያለው የተንግስተን መዝጊያ በጭቃ ተይዞ ክፍት ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ የሲዝየሙ ጋማ ጨረር ወደ ታች ይወጣል። እጀታው ሲመለስ መዝጊያው የሚገጥምበትን ድምፅ ካልሰሙ ሥራ ያቁሙ፤ የጨረር ጥበቃ ኃላፊውን ይጥሩ። ኒውትሮኑን ግን ተንግስተን አያቆመውም፤ ጌጁ ጠፍቶም ይወጣል። መከላከያው ርቀት ነው፤ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ሲርቁ የሚደርስብዎ ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ቆጠራው ሲጀመር ጥቂት እርምጃ ራቅ ይበሉ፤ ጌጁንም ሠራተኛ በሚያድርበት ክፍል አያሳድሩት።