ሽሮደር ማን ነው? የጀርመን የቤተሰብ ስም ከየት መጥቶ ወዴት ሄደ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። እህቴ ጀርመን አገር አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ልጁ በወረቀት ላይ «ሽሮደር» ተብሎ ተጽፏል። የአባትየው መጠሪያ ሌላ፣ የአያትየውም ሌላ ነው። እናታችን «ታዲያ ሽሮደር ማነው? ስንተኛው አያት ነው?» ትላለች። ሰፈሩ ደግሞ «የሽሮ ዘመድ» እያለ ይስቃል። አማቻችን ራሱ «ቤተሰቤ ከሃምቡርግ ነው፣ ካናዳም ዘመድ አለን» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። ስሙ ምንድን ነው? የቤተሰቡን ዱካስ እንዴት ማግኘት ይቻላል? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ሽሮደር የሚባል አያት የለም፤ ስሙ የሙያ ስም ነው። በሰሜን ጀርመን ሜዳማ አገር በሚነገረው ጀርመንኛ «ሽሮደን» መቁረጥ ነውና ሽሮደር ጨርቅ ቆርጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ደቡቡ ይህንኑ ባለሙያ ሽናይደር ይለዋል። ወይን በሚበቅልበት አካባቢ ግን ሽሮተር የሚባለው በርሜል እያንከባለለ ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ ጫኝ ነበር። ስለዚህ የስሙ አጻጻፍ አገሩንም ይጠቁማል፦ ሽሮደር ከሆነ ሰሜን፣ ሽራደር ከሆነ የሃኖቨርና የብራውንሽቫይግ አካባቢ፣ ሽሮተር ከሆነ ቱሪንገንና ሳክሶኒ፣ ሽሮር ከሆነ የታችኛው ራይን።

ጀርመኖችም እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደኛው በአንድ ስም ነበር የሚጠሩት። በራይን ወንዝ ዳርና በደቡብ ያሉት ከተሞች ሲሞሉ በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ሃንስ ተገኘ። ግብር መዝጋቢው ልብስ ሰፊውን ሃንስ ከቀጥቃጩ ሃንስ ለመለየት ሙያውን፣ የመጣበትን መንደር፣ የአባቱን ስም ወይም መልኩን ከስሙ ጎን ጻፈ። ቅጽሉ ቀስ በቀስ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ። ሰሜኑ ዘገየ። በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ባለው በኦስትፍሪዝላንድ እንዲያውም ለረዥም ዘመን የእኛው ዓይነት አጠራር ነበር፤ የያን ልጅ ሂንሪሽ «ሂንሪሽ ያንሰን» ይባላል፣ የእርሱ ልጅ ያን ደግሞ «ያን ሂንሪክስ»። ናፖሊዮን አገሩን ይዞ በ1811 ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ ብሎ እስኪያዝ ድረስ እንዲህ ነበር። እኛም ብንሆን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለእያንዳንዱ ሰው «የቤተ ዘመድ ስም» ደንግጎ ነበር፤ ከወረቀት ወርዶ የሠራበት ግን እምብዛም የለም።

የሙያ ስም መሆኑ ደግሞ አያሳፍራቸው። በእኛ ዘንድ ሰውን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ ብሎ መጥራት ስድብ ሆኖ ኖሯል። እዚያ ግን በብዛት አንደኛው የቤተሰብ ስም ሙለር (ባለ ወፍጮ)፣ ሁለተኛው ሽሚት (ቀጥቃጭ) ነው። በየመንደሩ አንድ ልብስ ሰፊ ነበርና ሽሮደሮችም በየመንደሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይገናኝ በቅለዋል። ሁለት ሽሮደሮች ሲገናኙ ሰባት ቤት መቁጠር አያስፈልግም። ከ1961 እስከ 1966 የምዕራብ ጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረውም፣ ከ1998 እስከ 2005 ቻንስለር የነበረውም ሁለቱ ጌርሃርድ ሽሮደር ይባላሉ፤ ዝምድና የላቸውም።

ስደቱ ሦስት ትልልቅ መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሰሜን ገበሬና ባለሙያ ወደ ሜክለንቡርግ፣ ፖመራኒያና ፕሩሺያ ሄዶ ሰፈረ፤ ስሙም አብሮት ዘለቀ። ሁለተኛው የሜኖናይቶች መንገድ ነው። እነዚህ ጦር መሣሪያ አናነሣም የሚሉ ክርስቲያኖች ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለው በቪስቱላ ወንዝ ዴልታ ይኖሩ ነበር፤ ሽሮደርም ከታወቁት ስሞቻቸው አንዱ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ዩክሬን ሄዱ፤ በ1789 ኾርቲትሳን፣ በ1804 ሞሎችናን መሠረቱ። ሩሲያ በ1874 የግዳጅ ውትድርና ሕግ ስታወጣ ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ ወዳለችው ማኒቶባና አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ካንሳስ ፈለሱ። ማኒቶባ ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ስታስገድድ ደግሞ ከፊሎቹ በ1922 ወደ ሜክሲኮ፣ በኋላም ወደ ፓራጓይ ተሻገሩ። የአማችዎ የካናዳ ዘመዶች ሜኖናይት ከሆኑ መነሻቸው ሃምቡርግ ሳይሆን ቪስቱላ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ።

ሦስተኛው የ19ኛው መቶ ዓመት የድሆች ስደት ነው። ሜክለንቡርግ የገባርነትን ሥርዓት በ1820 ብትሽርም ጭሰኛው በባለ መሬቱ ፈቃድ የመኖሪያ መብት ካላገኘ ማግባት እንኳ አይችልም ነበር። ስለዚህ ትዳር የፈለገ ጎረምሳ ከእጮኛው ጋር መርከብ ተሳፈረ። ብዙው አሜሪካ ገብቶ ዊስኮንሲንና አዮዋ ደረሰ። «ኒውዮርክ የነበረው ስደተኛ ተቀባይ ሹም ስማችንን ቀየረው» የሚባለው ወግ ግን አይያዝም፤ ሹሙ ያነበበው መርከቡ ሲነሣ የተጻፈውን ዝርዝር ነው። ስሙን የቀየረው በአብዛኛው ስደተኛው ራሱ፣ ከጊዜ በኋላ፣ በተለይም አሜሪካ በ1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም ነው።

ዱካ ፍለጋው የሚጀምረው ከአገር ስም ሳይሆን ከመንደር ስም ነው። «ከሃምቡርግ ነን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ሃምቡርግ የተሳፈሩበት ወደብ ይሆናል እንጂ የተወለዱበት አይሆንም። የሃምቡርግ የመንገደኞች መዝገብ ከ1850 እስከ 1934 ተርፏል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የመጨረሻ መኖሪያው ተጽፎበታል። በብሬመን ወደብ የሄደ ከሆነ አይድከሙ፤ መዝገቡ ከ1920 በፊት ያለው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

አማችዎ ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይፈልግ፤ ሰዎች ሲጋቡ የሚሰጠውን የቤተሰብ መዝገብ ደብተርና አያቶቹ በ1930ዎቹ በናዚ ዘመን ተገደው ያስሞሉትን የዘር ማረጋገጫ። ይኸኛው አመጣጡ ክፉ ቢሆንም የአያትና ቅድመ አያት መንደርና ቀን የያዘ ነው። ቀጥሎ «ሽታንደስአምት» የሚባለው የወሳኝ ኩነት ቢሮ ነው፤ በመላ ጀርመን ምዝገባ የጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ሲሆን ከጀርመን ግዛቶች ትልቋ በነበረችው ፕሩሺያ ውስጥ ከኦክቶበር 1874 ጀምሮ አለ። የልደት መዝገብ 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት እስኪሞላው ለሌላ ሰው አይከፈትም፤ በቀጥታ የሚወለድ ግን ቅጂ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን እርስዎ ከደሴ አይጻፉ፤ አማችዎ ይጻፍ። ጊዜው ያለፈው መዝገብ ወደ ቤተ መዛግብት ይተላለፋል።

ከዚህ ምዝገባ በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ሰሜኑ በብዛት ሉተራን ስለሆነ «አርኪዮን» በሚባለው ድረ ገጽ በክፍያ ይታያል፤ ካቶሊክ ከሆኑ «ማትሪኩላ» በነፃ ነው። ብዙው መዝገብ የሚጀምረው በ1648 ከተጠናቀቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ወዲህ ነው። ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው የድሮ እጅ ጽሕፈት ነው፤ በእርሱ «ኢ» (e) የሚባለው የላቲን ፊደል «ኤን»ን (n) ይመስላል፣ «ዩ» (u) የሚለየው ከላዩ ባለች ቅስት ብቻ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የልደት ገጽ ሲያገኙ የክርስትና አባትና እናቱን ስም አይዝለሉ፤ በአብዛኛው ዘመድ ስለሆኑና የመጡበት መንደር ስለሚጻፍ ቤተሰቡ ቀድሞ የኖረበትን ቦታ የሚያወጡት እነርሱ ናቸው።

ዱካው ድንገት ቢጠፋ ሁለት ምክንያት ይጠርጥሩ። አንደኛው በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ያለው የቬስትፋሊያ ልማድ ነው፤ እርሻ ወዳላት ሴት የገባ ባል የእርሻውን ስም ይይዛል፤ ልጆቹም በእርሱ ይጠራሉ። መዝገቡ ላይ በሁለት ስሞች መካከል «ጌናንት» (የሚባለው) የሚል ቃል ካዩ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለተኛው ከኦደር ወንዝ ወዲያ ያለው አገር ነው፤ ከ1945 ወዲህ ፖላንድ ስለሆነ መዝገቡ ብዙ ጊዜ በፖላንድ ቤተ መዛግብት፣ ከፊሉም በርሊን ባለው አንደኛ ሽታንደስአምት ይገኛል።

«የሽሮደር ቤተሰብ ጋሻና ዓርማ» ብሎ የሚሸጥ ካገኙ ገንዘብዎን ይያዙ። ዓርማ የአንድ የተወሰነ ትውልድ እንጂ የስም አይደለም።

ጥያቄ፦ መቅደላ ላይ ከአጼ ቴዎድሮስ ጋር የነበሩት ፈረንጆች ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ኪንትስለን፣ ዛንደር ይባሉ ነበር ይባላል። ሁሉም ጀርመኖች ናቸው? ስማቸውስ ምን ይነግራል? (ከተንታ)

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። ዋልድማየር ስዊዘርላንዳዊ ነው። አብዛኞቹን የላካቸው ባዝል አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን ሲሆን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ሠሩ፤ ሴባስቶፖልም ከዚያ እየተጎተተ ነው መቅደላ የወጣው። ስማቸውን በተራ ብናየው፣ ማየር የጌታ ርስት አስተዳዳሪ ነው፤ «ዋልድ» ደግሞ ጫካ፤ ስለዚህ በጫካው በኩል ያለው ማየር። ዛልሙለር ከባለ ወፍጮዎቹ ወገን ነው። ቤንደር በርሜል ሠሪ ነው፤ ስሙ የደቡብ ምዕራብ ነው። ኪንትስለን ከኮንራድ የወጣ የቁልምጫ ስም ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለው «ለን» የሽቫብ አገር (የደቡብ ምዕራብ ጀርመን) ምልክት ነው። ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ጀርመን ውስጥ ካለችው ከአንሃልት የመጣ ነው፤ ስሙም ከአሌክሳንደር ተቆርጦ የቀረ ነው።

ከእነርሱ ጋር የነበረው መድፍ ሠሪ ሞሪትስ ሃል ከክራኮቭ የመጣ ፖላንዳዊ አይሁድ ነበር፤ ያገባትም ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን ልጅ ነው። መቅደላ በኤፕሪል 1868 ከወደቀ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ባለችው ያፋ ሰፈረ። ልጃቸው ማግዳሌና ኡስቲኖቭ የሚባል ባላባት አገባች፤ ሁለት ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጇ ልጅ ነው። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ዛንደር ሃል ሆነ፣ ሃል ኡስቲኖቭ ሆነ። ስም በአባት በኩል ብቻ ሲወርድ በእናት የመጣውን ዘር እንዲህ ይሰውራል፤ በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ከፒተር ተነሥቶ መቅደላ አይደርስም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ስም በፓስፖርቱ «ኦ» ላይ ሁለት ነጥብ አለው። አስተርጓሚው ነጥቦቹን ጥሎ ተረጎመው። ቪዛ ላይ ችግር ያመጣል? የእኔስ ስም ጀርመን ስገባ ምን ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሁለት ነጥብ ያለው «ኦ» በ«ኦ» እና «ኢ» ሁለት ፊደል (oe) ቢጻፍ አንድ ነው፤ በፓስፖርቱ ግርጌ በማሽን የሚነበበው መስመርም የሚጽፈው እንዲሁ ነው። ነጥቡ ተጥሎ «ኦ» ብቻ ከቀረ ግን ሌላ ስም ነው፤ አስተርጓሚው ያርመው። በአማርኛው ትርጉም ላይም ስሙ በላቲን ፊደል በቅንፍ ይግባ፤ ድምፁ በ«ሽሮ» እና በ«ሽሬ» መካከል ስለሆነ አንዱ ጽሕፈት ቤት ሽሮደር፣ ሌላው ሽሬደር ብሎ ይጽፈዋል።

የእርስዎን በተመለከተ፣ ጋብቻ በራሱ ስምዎን አይቀይርም። ሁለታችሁ የጋራ ስም ካልመረጣችሁ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ፤ ከሜይ 2025 ወዲህ ጥምር ስም መያዝም ተፈቅዷል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ቢሮው ከሦስቱ ስሞችዎ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሆነ ይጠይቅዎታል። በጀርመን ሕግ ሥር ከሆኑ ይህን በሽታንደስአምት በቃለ መግለጫ መወሰን ይችላሉ። ሳያስቡ የአባትዎን ስም ብለው ከፈረሙ እርሱ ለልጅዎም ሊተላለፍ የሚችል ስም ይሆናል፤ የአያትዎን ከመረጡ ደግሞ የትምህርት ማስረጃዎ ላይ ያለው ስም እንዳይጋጭ አስቀድመው ያስተያዩ።